በኸይበር ሰዎች ሦስት ጊዜ ተሳሳቱ

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ628፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲና በስተሰሜን ወደምትገኘው ኸይበር ዘመቱ። የሐዲስ መጻሕፍት ስለዚህ ዘመቻ ካቆዩልን ዘገባዎች መካከል የሦስት ሰዎች አሟሟት ይገኝበታል። ዓሚር ኢብኑል አክወዕ ከጠላት ጋር ሲገጥም ሰይፉ አጭር ነበርና የሰነዘረው ምት ተመልሶ የራሱን ጉልበት መታው፤ በዚያው ሞተ። በገዛ መሣሪያው የሞተ ሰው ሥራው ሁሉ ከንቱ ሆነ የሚል ወሬ በሰፈሩ ተነዛ። ነቢዩ ይህን የተናገረ ሁሉ መሳሳቱን፣ ዓሚር እንዲያውም እጥፍ ምንዳ እንዳለው አስታወቁ። ሁለተኛው ሚድዐም የሚባል አገልጋይ ነው። ከኸይበር መልስ ዋዲል ቁራ ላይ የነቢዩን ኮርቻ ከግመል ሲያወርድ ከየት እንደተወረወረ ያልታወቀ ፍላጻ ገደለው። ሰዉ ሸሂድነትን (ሰማዕትነትን) ስላገኘ ደስ ብሎት ሲመርቀው፣ ነቢዩ ግን ምርኮው ሳይከፋፈል በፊት የወሰዳት ካባ እሳት ሆና እየነደደችበት መሆኑን ነገሩት። ይህን የሰማ አንድ ዘማች ደንግጦ የወሰደውን የጫማ ጠፍር ይዞ መጣ። ሦስተኛው፣ በአቡ ሁረይራ ዘገባ መሠረት በዚያው ዘመቻ የተሰለፈ፣ በውጊያው ከሁሉም ልቆ የታየ ጀግና ነው። ነቢዩ የእሳት ነው ባሉት ጊዜ ብዙዎች ግራ ተጋቡ። ኋላ ግን ቁስሉ ሲበረታበት ከኮሮጆው ፍላጻ አውጥቶ ራሱን አጠፋ። ተመሳሳይ ታሪክ በሌላ ዘገባ ሰይፉን ከደረቱ ገጥሞ እንደወደቀበት ሰው ሆኖ ይተረካል።

እነዚህ ዘገባዎች በቡኻሪና በሙስሊም ጥንቅሮች ውስጥ የሚገኙ ናቸው፤ በየመድረሳው ይነበባሉ፤ ለማንም የዲን ተማሪ አዲስ አይደሉም። አብረው ሲነበቡ ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። በሦስቱም ጊዜ የተሳሳቱት ከእስልምና ትውልዶች ሁሉ የላቀ ክብር የሚሰጣቸው ሶሓቦች፣ የነቢዩ ባልንጀሮች፣ ናቸው። ሟቹን ያውቁታል፤ አብረውት ተሰልፈዋል፤ ሲወድቅ በዓይናቸው አይተዋል። ቢሆንም አንዱን ያለ ጥፋቱ ኮነኑት፣ ሌላውን ያለ ቦታው አከበሩት፣ ሦስተኛውን የጀግንነት ምሳሌ አደረጉት። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆነው ፍርዱን ያላገኙት ከሆነ፣ ዛሬ በቪዲዮና በመግለጫ እገሌ ሸሂድ ሆነ እያለ የሚያውጅ ቡድን ወይም መንግሥት ሥልጣኑን ከየት አመጣው? የዚህ ጽሑፍ ክርክር በእስልምና እምነት ሸሂድነት በአኺራ (በወዲያኛው ዓለም) የሚገለጥ የአላህ ስጦታ ነው፤ ሰው ለራሱ ሊወስደውም ሆነ ለሌላው ሊያድለው አልተፈቀደለትም የሚል ነው። ይህን የምለው ሃይማኖቱን ለዘመኑ ጆሮ ለማለስለስ አይደለም። የጥንቶቹ መጻሕፍት ራሳቸው የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የዘመኑ ታጣቂዎች ደግሞ እነዚያኑ መጻሕፍት ከመካከላቸው እየቆረጡ ነው የሚያነቡት።

ከማይካደው እንነሣ። ቁርኣን በሱረቱል በቀራና በሱረቱ ኣሊ ዒምራን በአላህ መንገድ የተገደሉትን ሙታን ማለትን ይከለክላል፤ ከጌታቸው ዘንድ ሲሳይ እየተሰጣቸው ሕያዋን መሆናቸውን ይናገራል። አንቀጾቹ ከበድርና ከኡሑድ ውጊያዎች ጋር ተያይዘው የሚተረጎሙ ናቸው፤ በኡሑድ ብቻ 70 ያህል ሙስሊሞች ወድቀዋል። ማንኛውም ሰው ከሞት እስከ ትንሣኤ ድረስ በርዘኽ በሚባለው መካከለኛ ዓለም ይቆያል፤ በቀብሩ ይጠየቃል፤ ይጨነቃል ወይም ይጽናናል። ሸሂድ ግን ከዚህ የተለየ ዕጣ አለው። በሙስሊም ጥንቅር እንደተዘገበው ነፍሱ በአረንጓዴ ወፎች ውስጥ ሆና በጀነት እንደፈለገች ትዘዋወራለች፣ በአርሹ ሥር በተንጠለጠሉ ፋኖሶች ታርፋለች። ቲርሚዚ የዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ለሸሂድ የተዘጋጀውን ይዘረዝራል። በመጀመሪያዋ የደም ጠብታ ይማራል፣ በጀነት ያለውን ስፍራ ያያል፣ ከቀብር ቅጣትና ከታላቁ ቀን ድንጋጤ ይጠበቃል፣ የክብር ዘውድ ይደፋለታል፣ 72 ሑረል ዒን (የጀነት ሙሽሮች) ይዳሩለታል፣ ለ70 ዘመዶቹም ያማልዳል። የእስልምና ነቃፊዎችና የታጣቂዎቹ ቅስቀሳ ሠሪዎች፣ በሌላ ነገር ሁሉ የማይስማሙ ሰዎች፣ ከዚህ ዝርዝር አንዱን ብቻ መዝዘው በማውጣት ይስማማሉ። ስለ ዘመዶቹ የሚማልደው ሰው፣ በአኺራም ሳይቀር ከቤተሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት ያልተቋረጠው ሰው፣ ለሁለቱም አይጥማቸውም። ተስፋው እንዲህ ታላቅ ነው። ታላቅ በመሆኑም ነው ቀደምት ዑለማ ማኅተሙን ከሰው እጅ አርቀው ያስቀመጡት።

እንዴት እንዳራቁት ለማየት የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) መጻሕፍትን የጀናዛ (የቀብር) ምዕራፍ መግለጥ ይበቃል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሶርያ የኖሩት ታላቁ የሻፊዒ መዝሀብ ምሁር ነወዊ ሸሂዶችን በሦስት ይከፍላሉ። በዱንያም (በዚህ ዓለምም) በአኺራም ሸሂድ የሆነ አለ፤ በውጊያ ላይ በቀና ኒያ (ሐሳብ) የተገደለ ሰው ነው። በአኺራ ብቻ ሸሂድ የሚሆን አለ፤ በወረርሽኝ ወይም በውኃ የሞተው ዓይነት፤ በዱንያ እንደማንኛውም ሙስሊም ታጥቦ ተከፍኖ ይቀበራል፣ ምንዳው ግን የሸሂድ ነው። በዱንያ ብቻ ሸሂድ የሚባልም አለ፤ ከምርኮ የሰረቀ ወይም ለታይታ የተዋጋ ሰው፣ በሸሂድ ሥርዓት ይቀበራል፣ በአኺራ ግን ድርሻ የለውም። ሦስተኛው ክፍል ሊሰመርበት ይገባል። አንድ ሰው ሳይታጠብ፣ በደሙ በተነከረ ልብሱ፣ በሙሉ የክብር ሥርዓት ተቀብሮ ጀሀነም ሊገባ እንደሚችል ሕጉ ራሱ ተቀብሎ ጽፎታል። ቀባሪው የሚፈርደው ስለ እጥበትና ስለ ከፈን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አይመለከተውም። መዝሀቦቹ በሥርዓቱ ላይ እንኳ ይለያያሉ፤ ሐነፊዎች በውጊያ ለወደቀው ሰው ሶላተል ጀናዛ ይሰገዳል ሲሉ ማሊኪዎችና ሻፊዒዎች አይሰገድም ይላሉ። ኸሊፋው ዑመር በ644 በመዲና መስጊድ በፈጅር ሶላት ላይ በአቡ ሉእሉእ ጩቤ ተወግተው ሲያርፉ ታጥበው፣ ተከፍነው፣ ተሰግዶባቸው ተቀብረዋል። ሸሂድነታቸውን የሚጠራጠር ሱኒ የለም፤ ሥርዓቱና ማዕረጉ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ቀርተዋል።

ዑመር ራሳቸው በሕይወት ሳሉ በሚንበር ላይ ቆመው በዚህ ጉዳይ ሕዝቡን ገሥጸው ነበር። በየዘመቻው የሞተውን ሁሉ እገሌ ሸሂድ ሆኖ ሞተ ማለት ልማድ ሆኖ ነበርና፣ ያ ሰው ምናልባት ግመሉን ወርቅና ብር ጭኖ ንግድ ፍለጋ የወጣ ሊሆን ይችላል አሉ፤ ነቢዩ እንዳሉት በአላህ መንገድ የሞተ ሁሉ በጀነት ነው ብላችሁ በጥቅል ተናገሩ እንጂ ስም አትጥሩ የሚል ምክር ሰጡ። ኢማሙ ቡኻሪ በሐዲስ ጥንቅራቸው ውስጥ እገሌ ሸሂድ ነው አይባልም የሚል ርዕስ ያለው ራሱን የቻለ ክፍል ከፍተዋል፤ ያስገቡበትም ያንን ራሱን ያጠፋውን ጀግና ታሪክ ነው። ኢማሙ ሙስሊም የዘገቡት ደግሞ ከሁሉም ያስፈራል። በቂያማ ቀን መጀመሪያ ከሚፈረድባቸው ሰዎች አንዱ ተዋግቶ የተገደለ ሰው ነው። ለአንተ ብዬ ተዋጋሁ ሲል ጀግና እንዲባል መዋጋቱ፣ መባሉንም ማግኘቱ ይነገረውና በፊቱ እየተጎተተ ወደ እሳት ይጣላል። የክሱን ይዘት ልብ ይሏል፤ ይህ ሰው የተቀጣው የሚፈልገውን ስም በዱንያ ስለተቀበለ ነው። ከዚህ ዘገባ አንጻር ሲታይ ፎቶውን ከባንዲራ ጋር አስነሥቶ፣ ኑዛዜውን በካሜራ ቀርጾ፣ ከሞቱ በፊት ሸሂዱ እገሌ ተብሎ የሚጠራ ወጣት ያለበት አደጋ ምን ያህል እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ሌላም መሰናክል አለ፤ ዕዳ። ለሸሂድ ኃጢአቱ ሁሉ ይማርለታል፣ ዕዳ ሲቀር የሚል ሐዲስ በሙስሊም ጥንቅር ይገኛል። ይህ እንዲሁ በቃል የቀረ አልነበረም። በኡሑድ ከወደቁት አንዱ ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር ኢብኑ ሐራም ነበሩ። አላህ ያለ መጋረጃ ፊት ለፊት ያነጋገራቸው መሆኑን ነቢዩ ለልጃቸው ለጃቢር እንደነገሯቸው ተዘግቧል፤ ከዚህ በላይ የሚሰጥ ክብር ማሰብ ያስቸግራል። ሆኖም እኚህ ሰው ስድስት ሴት ልጆችና ብዙ ዕዳ ትተው ነበር የሞቱት። አበዳሪዎቹ በጃቢር ላይ ተጨናነቁ፤ ቀንሰው እንዲቀበሉ ቢጠየቁም እምቢ አሉ። የአባትህ ሸሂድነት ይበቃቸዋል ያለ የለም። ነቢዩ ራሳቸው ወደ ተምሩ አውድማ ሄደው ከክምሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ለእያንዳንዱ አበዳሪ እየተሰፈረ ተከፈለ፤ በረከት ወርዶበት ተምሩም ተረፈ። ዑመርም ጩቤው ከሆዳቸው ገብቶ ሞታቸውን በሚጠብቁበት ሰዓት ልጃቸውን ዕዳዬን ቁጠር አሏቸው፤ 86 ሺህ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ከቤተሰቡ ገንዘብ እንዲከፈል፣ ካልበቃ ጎሣቸው በኒ ዐዲይ እንዲጠየቅ፣ ያም ካልበቃ ወደ ቁረይሽ እንዲኬድ አዘዙ። ሸሂድ ሆኖ ለመሞት በዱዓ ይለምኑ የነበሩ ሰው ናቸው። ልመናቸው መልስ ሲያገኝ የጨነቃቸው የሰው ገንዘብ ነበር። የሟቹ ክብር ምንም ያህል ቢገዝፍ የጎረቤትን ሐቅ አይሽረውም ማለት ነው፤ እንግዲህ ጥቂት ብር ያበደረ ሰው ሐቅ እንዲህ ከከበደ፣ በገበያ መካከል በፈንጂ የተበጣጠሰ ሰው ሐቅ ምን ሊከብድ ነው?

በዚያው ልክ ሌላ አቅጣጫ አለ፤ የማዕረጉ በር ከውጊያ ውጭም ሰፊ ነው። በኢማሙ ማሊክ ሙወጠእ ውስጥ አንድ ታሪክ ተጽፏል። ዐብዱላህ ኢብኑ ሣቢት የሚባል ሶሓባ ለዘመቻ ዕቃውን ካዘጋጀ በኋላ በአልጋው ላይ ታሞ ይሞታል። ሴት ልጁ ሸሂድ ትሆናለህ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር እያለች ስታለቅስ፣ ነቢዩ አላህ ምንዳውን በኒያው ልክ እንደሰጠው ነግረው፣ ሰዎቹን ሸሂድነት የምትሉት ምኑን ነው ብለው ጠየቁ። በአላህ መንገድ መገደልን ነው አሉ። ከዚያ በቀር ሰባት እንዳሉ ቆጠሩላቸው። በወረርሽኝ የሞተ፣ በውኃ የሰጠመ፣ በጎን ውጋት የሞተ፣ በሆድ ሕመም የሞተ፣ በእሳት የተቃጠለ፣ ፍርስራሽ የተናደበት፣ እንዲሁም በእርግዝና ወይም በምጥ የሞተች ሴት። ለአገራችን አንባቢ ይህ ዝርዝር የሩቅ ዘመን ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመጋቢት 2009 አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ከሥሩ ሲቀሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ሟቾቻቸውን በዚሁ ተስፋ ሊሸኙ ይችሉ ነበር። ምጥ ላይ የሞተች የገጠር እናትን ከበድር ሠይፈኞች ጎን በአንድ ስም የሚጠራ ሃይማኖት ሆኖ ሳለ፣ ሸሂድ ሲባል መጀመሪያ የሚታየን ጭንብል ያጠለቀ ታጣቂ መሆኑ የኛ የአስተያየት ጉድለት እንጂ የሃይማኖቱ አይደለም።

በወረርሽኝ የሞተ ሸሂድ ነው ተባለ እንጂ ወደ ወረርሽኝ ሂዱ አልተባለም። በ639 ገደማ የዐምዋስ ወረርሽኝ በሻም ምድር ሲነሣ ዑመር ወደዚያ እየተጓዙ ሰርግ ከሚባል ስፍራ ደርሰው ነበር። ተማክረው ሠራዊቱን ይዘው ተመለሱ። የሻሙ አዛዥ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን ቢሏቸው፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ መለሱላቸው። ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አትግቡ፣ ካላችሁበትም አትውጡ የሚለው የነቢዩ ትእዛዝም በዚያው ጊዜ ተነገራቸው። አቡ ዑበይዳ በወረርሽኙ ሞቱ፤ ዑመር ዳኑ፤ ሁለቱንም የኮነነ የለም። ይህ አካሄድ በሌሎች ጉዳዮችም ይታያል። ነቢዩ ከጠላት ጋር መግጠምን አትመኙ፣ ደኅንነትን ለምኑ፣ ከገጠማችሁ ግን ጽኑ ብለው ማስተማራቸው የታወቀ ነው። በመካ የመጀመሪያዋ ሸሂድ ሱመያ በአቡ ጀህል እጅ ስትገደል፣ ልጇ ዐማር በሥቃይ ብዛት ከአንደበቱ የእምነቱን ተቃራኒ ቃል አወጣ። ልቡ በእምነት የረጋ ሆኖ የተገደደ ሰው እንደማይወቀስ ቁርኣን ተናገረ። እናቱ ሸሂድ፣ እርሱ ይቅር የተባለ። ጭቆናው ሲበረታ በ615 የሆነውንም እናውቀዋለን፤ ነቢዩ ተከታዮቻቸውን መካ ላይ ቆማችሁ ሙቱ አላሏቸውም፤ ሰው የማይበደልበት ንጉሥ አለ ብለው ወደ ሐበሻ ሸኟቸው። የዚህ ንጉሥ፣ የነጃሺ፣ ታሪክ በኛ ዘንድ የእንግዳ ተቀባይነት ኩራት ሆኖ ይነገራል፤ እኔ ግን በውስጡ ይበልጥ የሚገርመኝ ላኪው ነው። የሸሂድን ምንዳ ያስተማሩት ሰው ባልንጀሮቻቸውን ከሞት ያሸሹ ነበር።

እንዲያውም ዕድሜ ከሸሂድነት ሊበልጥ እንደሚችል የሚናገር ዘገባ አለ። በኢብኑ ማጃህና በአሕመድ ጥንቅሮች እንደተጻፈው ሁለት ባልንጀሮች በአንድነት እስልምናን ተቀበሉ፤ አንዱ ይበልጥ ትጉ ነበርና ተዋግቶ ተገደለ፤ ሌላው ከእርሱ በኋላ አንድ ዓመት ኖሮ ሞተ። ጦልሓ ኢብኑ ዑበይዲላህ በሕልማቸው በአልጋው የሞተው ቀድሞ ወደ ጀነት ሲጠራ አዩ፤ ሰዉም ተደነቀ። ነቢዩ የሰጡት ምክንያት ተራ የሚመስል ነው፤ በዚያች አንድ ዓመት ረመዳንን አልጾመምን፣ ይህን ያህል ሶላት አልሰገደምን? አሉ።

የዚህ ክርክር ብርቱ ተቃዋሚዎች ከሃይማኖቱ ውጭ ያሉት አይደሉም። ራስን በፈንጂ ማፈንዳትን የሚደግፉ ጸሐፊዎች የራሳቸው ማስረጃ አላቸው፤ ማስረጃውም ከነዚያው መጻሕፍት የተወሰደ ነው። በየማማ ውጊያ አል በራእ ኢብኑ ማሊክ ጠላት ወደመሸገበት ቅጥር በጋሻ ላይ ሆነው እንዲወረወሩ ጠይቀው ብቻቸውን ገብተው በሩን ከፍተዋል፤ ሞትን እያዩ መግባት የተፈቀደ ነው ማለት ነው ይላሉ። በኡኽዱድ ሰዎች ታሪክ ውስጥ ያለው ወጣት ደግሞ ንጉሡ እንዴት አድርጎ ሊገድለው እንደሚችል ራሱ አስተምሯል። ማስረጃዎቹ እውነተኛ ናቸው፤ መደምደሚያው ግን ከነርሱ አይወጣም። አል በራእ በጠላት መሣሪያ ከሰማንያ በላይ ቁስል ቆስለው ከዚያ ውጊያ በሕይወት ወጥተዋል፤ የሞቱት ከዓመታት በኋላ በቱስተር ነው። ቅጥሩን ሲዘልሉ ሞት ያሰጋቸው ከሌላ እጅ እንጂ ከገዛ እጃቸው አልነበረም፤ የገጠሙትም የታጠቀ ሠራዊትን ነው። ወጣቱንም የገደለው ንጉሡ ነው፤ አጠገቡ ቆሞ የሞተ አላፊ አግዳሚ የለም። ፈንጂውን የታጠቀው ሰው ግን የራሱ ገዳይ ራሱ ነው። ይህ ልዩነት ጥቃቅን የሕግ ጨዋታ የሚመስለው ካለ ወደ ኸይበር ይመለስ። ዓሚርና ያ ስሙ ያልተጠቀሰው ጀግና ሁለቱም በገዛ መሣሪያቸው ነው የሞቱት፤ አንዱን ከእጥፍ ምንዳ፣ ሌላውን ከእሳት ያገናኘው ምቱ ያነጣጠረው ወደማን እንደነበር ብቻ ነው።

ዑለማ በዚህ ላይ አንድ ድምፅ ነበራቸው ብል ዋሸሁ። የግብፅ ተወላጁ ዩሱፍ አል ቀርዳዊ ለፍልስጤማውያን ፈቅደው ነበር፤ ብዙ ተከታይም ነበራቸው፤ ሌላ መሣሪያ የሌለው ሕዝብ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው የሚል ነበር ክርክራቸው። የጭቆናው እውነተኛነት ክርክሩን ክብደት ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ አቅም ማጣት ያልተፈቀደ ግድያን የሚፈቅድ ከሆነ ወሰኑን የሚያቆመው ነገር አይኖርም፤ ለአንድ አገር ተብሎ የተከፈተው በር ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በባግዳድ ገበያዎችና በፓኪስታን መስጊዶች ውስጥ በሙስሊሞች ላይ ተከፍቷል። የሳዑዲው ሙፍቲ ዐብዱል ዐዚዝ ኣሉ ሸይኽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ድርጊቱ በሸሪዓ መሠረት እንደሌለው፣ ራስን ማጥፋት እንዳይሆን እንደሚሰጉም ተናግረዋል። በ2010 ፓኪስታናዊው ሙሐመድ ጣሂር አል ቃድሪ 600 ገጽ ገደማ የሆነ ፈትዋ በለንደን አውጥተው ያለ ምንም ማመካኛ ከልክለውታል። በ2014 ደግሞ ከ120 በላይ ምሁራን ለአይሲስ መሪ በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ የቡድኑን ማስረጃዎች አንድ በአንድ ሞግተዋል። ዘዴው ራሱ ከየት እንደመጣም መታወቅ አለበት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 1983 ቤይሩት ውስጥ 241 አሜሪካውያንና 58 ፈረንሳውያን ወታደሮች በተገደሉባቸው ሁለት ፍንዳታዎች ስሙ ከገነነ በኋላ፣ በስሪላንካ የታሚል ነብሮች፣ ጀነትን ተስፋ የማያደርጉ የብሔር ታጋዮች፣ ለዓመታት ሥራዬ ብለው ተጠቅመውበታል። ስለዚህ ፈንጂው ከጽሑፉ አልተወለደም፤ ፈንጂው ከተገኘ በኋላ ጽሑፍ ተፈለገለት ቢባል ይቀርባል።

ነገሩ ሁሉ አዲስ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በ661 ኩፋ ላይ ኸሊፋው ዐሊን በመርዘኛ ሰይፍ የገደላቸው ኢብኑ ሙልጀም ኸዋሪጆች ከሚባለው አንጃ ወገን የነበረ፣ በዒባዳው የታወቀ ሰው ነበር። ወደ አላህ የሚያቀርበውን ሥራ እየሠራ እንደሆነ ያምን ነበር፤ ከወገኖቹም ያወደሰው ባለቅኔ አልጠፋም። የሟቹ ክብር በሱኒም በሺዓም ዘንድ ጸንቶ ኖረ፤ የገዳዩ ስም የእርግማን ሆነ። ኒያው በራሱ ዓይን ንጹሕ ነበር፤ ከዚህ የምንረዳው ንጹሕ ኒያ አስፈላጊ ሆኖ ሳለ በቂ አለመሆኑን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሚያዝያ 2007 አይሲስ በሊቢያ የኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ግድያ በቪዲዮ ሲያሳይ ገዳዮቹ የኢብኑ ሙልጀምን ያህል እርግጠኞች ሳይሆኑ አልቀሩም። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ድርጊቱን ማውገዛቸው ትክክል ነበር፤ አንዳንዱ ይህን ያደረጉት ሙስሊሞች አይደሉም በሚል አጭር መልስ ማለፉ ግን ጥያቄውን አልመለሰውም። የሚሻለው መልስ ሕጉን ዘርዝሮ ማሳየት ነው፤ ያልታጠቀን ምርኮኛ አርዶ ጀነትን የሚጠብቅ ሰው ከገዛ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ስፍራ የሚቆምበት እንደሌለው።

ከሺዓ ወገን የሚነሣው መቃወሚያ ሌላ ነው። በ680፣ ሙሐረም 10 ቀን፣ በከርበላ ከቤተሰባቸውና ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር የተገደሉትን ኢማም ሑሰይንን ሸሂድ ናቸው ለማለት የሚያንገራግር የለም፤ ለሺዓ ሙስሊም የእምነቱ እምብርት ይህ ትውስታ ነው፤ ስም አትጥሩ የሚለው የዑመር ምክር ታዲያ ከርበላን የት ያደርጋታል? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። የሑሰይንና የነቢዩ አጎት የሐምዛ፣ የበድርና የኡሑድ ሰዎች ጉዳይ ግን ነቢዩ በሕይወት ሳሉ ከመሰከሩት ወይም ኡማው በአንድ ቃል ከተቀበለው ጋር የተያያዘ ነው፤ ሱኒ ምሁራንም ይህን ከክልከላው ውጭ ያደርጉታል። የሚያከራክረው ዘመናዊው መንግሥት ይህን ትውስታ ቢሮ ሲከፍትለት ነው። ኢራን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 የሸሂዶች ተቋም አቋቁማ ከኢራቅ ጋር ለስምንት ዓመት በተደረገው ጦርነት የሞቱትን በመዝገብ አስፍራለች፤ የሸሂድ ቤተሰብ ደመወዝ፣ የትምህርት ዕድል፣ የመንገድ ስም ያገኛል። ጧሪ ላጣ ቤተሰብ መድረስ በጎ ነው፤ የአኺራን ማዕረግ ከመንግሥት መታወቂያ ጋር ማጣበቅ ግን ሌላ ነው። እኛም በዚህ አንታማም። ከስድስት ኪሎ እስከ መቐለና አዳማ ድረስ የሰማዕታት ሐውልቶች ቆመዋል፤ አንዱ ሰማዕት ያለውን ሌላው ጠላት የሚልበት አጋጣሚም አለ። እነዚያ ግን የፖለቲካ መታሰቢያዎች መሆናቸውን ማንም ያውቃል፤ ጀነትን እንሰጣለን አላሉም።

የመጨረሻው መቃወሚያ ከልብ የሚነሣ ነው። ልጇን ያጣች እናት ሸሂድ ነው የሚል ቃል ብቻ ነው የቀራት፤ ያን ቃል መንሣት ጭካኔ አይደለምን? አይደለም፤ ምክንያቱም ማንም አልነሣትም። ሃይማኖቱ የከለከለው ፍርድን ነው፤ ዱዓን አይደለም። አላህ ሸሂድ አድርጎ ይቀበለው፣ ኢንሻ አላህ ሸሂድ ነው፣ ተስፋ እናደርጋለን ማለት ትናንትም ዛሬም የተፈቀደ ነው፤ ዑለማ በለቅሶ ቤት የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ በተስፋ ያለ ቤተሰብ ለሟቹ አሁንም የሚያደርግለት ነገር እንዳለ ማሰቡ ነው። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ ወጥተው በጅቡቲና በቦሳሶ በኩል ባሕር የሚሻገሩትን ወጣቶች እናስብ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 2017 በየመን አብያን ዳርቻ በአብዛኛው ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ ተገልብጣ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል፤ የመጀመሪያዋም አይደለች። የሰጠመ ሸሂድ ነው የሚለው ሐዲስ በየለቅሶ ቤቱ ይነበባል፤ ይነበብም። አንዳንድ የፊቅህ ሊቃውንት ግን ባሕሩ እያስፈራ፣ ሞቱ እየታየ የተሳፈረውን ከዚህ ማዕረግ ነጥለው ያዩታል፤ ይህን የመስጊዱ ኢማም ከመንገዱ በፊት ለወጣቱ ቢነግረው ይሻላል እንጂ ከሞተ በኋላ ለእናቱ የሚነገር አይደለም። ከሞተ በኋላ የሚቀረው ሌላ ጉዳይ ነው። ከነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ለደላላ የከፈሉትን ብር ከዘመድና ከጎረቤት ተበድረው፣ አባት በሬ ሸጦ፣ መሬት በመያዣ ተሰጥቶ ነው የሄዱት። ጀመዓው ልጁ ሸሂድ እንደሆነ ተስፋ ካደረገ፣ ዕዳው ስንት እንደሆነ መጠየቅና ማዋጣት የሚጀምረው በዚያው ለቅሶ ቤት፣ ድንኳኑ ሳይነሣ ነው፤ በጃቢር አውድማ የተደረገውም ይኸው ነበር።